ቈጣሪ ያጡ ሙታን
ስለ መንዝ የጥንት ደንጊያ መቃብር በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶች ካህናት፥ እናቶችና እኅቶች፥ ወንድሞች ምእመናን ሆይ፤ ኢዮቤልዩ የዘመን መቍጠሪያ በዓል ነው። ቤተ ክርስቲያን ዓመቷን ቈጥራ በምታከብርበት ቀን፥ የመሠረቷት፥ በቅዳሴና በማኅሌት ያገለገሏት፥ በግቢዋም ያረፉት ሁሉ በየስማቸው ይታሰባሉ። መንዝም ከጥንት ጀምሮ በቍጠራ የታወቀ አገር ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ርስት የሚሻ ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ አባቱን፥ አያቱን፥ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን መቍጠር ነበረበት። የአንዱ ሐረግ ወደ ማማ፥ የሌላው ወደ ላሎ፥ የሦስተኛውም ወደ ጌራ ይወጣ ነበር፤ አገሩም ማማ ምድር፥ ላሎ ምድር፥ ጌራ ምድር እየተባለ የሚጠራው በእነዚሁ በሦስቱ አባቶች ስም ነው። ትውልዱን መቍጠር ያልቻለ ሰው በርስቱ ላይ አፍ አልነበረውም።

ነገር ግን በዚሁ ምድር ላይ ከማማ፥ ከላሎና ከጌራ በፊት የኖሩ፥ ያረሱ፥ የከበሩ፥ የሞቱም ሰዎች ነበሩ። ሐረጉን ወደ እነርሱ አድርሶ የሚቈጥር የለም። ስማቸው በብራና አልተጻፈም፤ ቋንቋቸውም ምን እንደ ነበረ የሚናገር ጽሑፍ አልተገኘም። የቀረላቸው ምስክር ደንጊያ ብቻ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ስለ እነዚህ ሙታንና ስለ ደንጊያቸው ነው።

በመንዝ ደጋ፥ ገብስ በሚዘራበት ሜዳና በኮረብታው አናት ላይ፥ ክብ የሆነ የደንጊያ ክምር በየስፍራው ይገኛል። ከሩቅ ላየው ሰው፥ ገበሬ እርሻውን ሲያጠራ ለቅሞ ያከማቸው ይመስለዋል። እረኛ ይቀመጥበታል፤ አጥር የሚያጥር ሰውም ደንጊያ ይወስድበታል። ቀርቦ ለመረመረው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለቅሞ የተጣለ ደንጊያ እንደ ወደቀ ይቀራል፤ ይህ ግን በሥርዓት የተደረደረ ነው። ጭቃ ሳይገባበት ደንጊያው በደንጊያ ላይ ተነባብሮ ክብ ግንብ ሆኗል፤ በውስጡም ለሙታን የተዘጋጀ ክፍል አለ። እንዲህ ያለውን ግንብ የሠራ እጅ ግንበኝነትን ጠንቅቆ ያወቀ እጅ ነው፤ ሥራውም የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ብዙ ሰው ተሰብስቦ፥ ደንጊያ ፈንቅሎ፥ ተሸክሞ፥ ደርድሮ የፈጸመው ነው።

ከ20ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ሊቃውንት በመንዝ ተገኝተው ከእነዚህ ክምሮች አንዳንዶቹን በጥንቃቄ መርምረዋል። ከተመረመሩት ስፍራዎች መካከል በምሻለ ማርያም አካባቢ ያሉት መቃብሮችና ተተር ጉር የተባለው ታላቁ ክምር ይገኙባቸዋል። ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ፗሶንዬ የተባሉት የታሪክና የቍፋሮ ሊቃውንት የምርምሩን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ አሳትመው ለዓለም አስታውቀዋል። ለዚያ ጥንታዊ ሕዝብ ሥራና ልማድም «የሻይ ባህል» የሚል ስም ሰጥተውታል። ይህ ሻይ የሚጠጣው አይደለም፤ በአገሩ የሚወርደው የሻይ ወንዝ ስም ነው። የሕዝቡ የራሱ ስም ስለ ጠፋ፥ ከወንዙ ስም ተዋሱለት።

ተተር ጉር ሲከፈት ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገባ በደንጊያ የተሠራ መተላለፊያና በመጨረሻው የመቃብር ክፍል ተገኘ። በክፍሉ ውስጥ ያረፈው አንድ ሰው አይደለም፤ የሃያ ያህል ሰዎች ዐፅም በአንድነት ተገኝቷል። መተላለፊያ ያለው መቃብር አንድ ጊዜ ተዘግቶ የሚቀር ጕድጓድ ሳይሆን፥ ሌላው ሟች ሲመጣ ተመልሶ ሊገባበት የሚችል ቤት ነው። ከሙታኑ ጋራ የሸክላ ዕቃና ጌጣጌጥ፥ የመስተዋት ዶቃም ተቀምጦ ነበር።

ዶቃው ትንሽ ነገር ነው፤ በጣት ጫፍ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ነገር ግን የተናገረው ብዙ ነው። የመስተዋት ዶቃ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የንግድ ዕቃ ነው። መንዝም ከባሕር የራቀ፥ በገደልና በሸለቆ የተከበበ ደጋ ነው። እንግዲህ ከባሕር ዳር ተነሥቶ፥ ቆላውን አቋርጦ፥ አቀበቱን ወጥቶ ዶቃን ያመጣ ነጋዴ ነበረ፤ ዋጋውንም ከፍሎ የገዛ ባለጠጋ በዚህ ደጋ ነበረ። ያ ሕዝብ ከዓለም ተለይቶ የኖረ አልነበረም።

ዘመኑስ እንዴት ታወቀ ቢባል፥ ብልሃቱ እንዲህ ነው። ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ፥ ዛፍም ሰውም፥ ካርቦን 14 የሚባል ረቂቅ ነገር በአካሉ ውስጥ አለ። ፍጥረቱ ከሞተ በኋላ ያ ነገር በታወቀ ልክ እየጐደለ ይሄዳል፤ በ5,730 ዓመት ያህል ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ በመቃብር ከተገኘ ዐፅም ወይም ከሰል የቀረውን መጠን የለካ ሊቅ፥ ከሞተ ምን ያህል ዘመን እንዳለፈው ለማወቅ ይችላል። በዚህ መንገድ የተተር ጉር መቃብር የ10ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ታወቀ፤ የሻይ ባህልም በጠቅላላው ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት የቈየ መሆኑ ተረጋገጠ።

ይህን ዘመን ከሚታወቀው ታሪክ ጋራ አስተያይቶ ማየት ይገባል። ያ 10ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ኀይል ያለፈበት፥ በአገራችን ትውፊትም የዮዲት ጉዲት መከራ የሚነገርበት ዘመን ነው። ከዚያም የዛጔ ነገሥታት ነገሡ፤ በላስታ ቅዱስ ላሊበላ ከአንድ አለት አብያተ ክርስቲያናትን አስፈለፈለ። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኵኖ አምላክ ነገሠ፤ ከ1314 እስከ 1344 ዓምደ ጽዮን ገዛ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የእስላም መንግሥት በሸዋ ቆሞ ነበር፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1285 በይፋት ወላስማዎች ተጠቃለለ። እንግዲህ በሰሜን የክርስቲያን፥ በምሥራቅ የእስላም ነገሥታት ዜና መዋዕላቸውን በሚያስጽፉበት ጊዜ፥ በመንዝ ደጋ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ሕዝብ ነበረ። ሁለቱ ጽሑፍ ስለ ነበራቸው ሲታወቁ፥ ሦስተኛው ጽሑፍ ስላልነበረው ተረሳ። ደንጊያው ግን ሳይረሳው ቈየ።

ይህ ሕዝብ ወዴት ሄደ? በደንጊያ ክምር ውስጥ መቅበር የቀረው በ14ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። ያም ዘመን ወንጌል በሸዋ የተስፋፋበት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት አስተማሩ፤ በኋላም ደብረ ሊባኖስ የተባለችውን ደብረ አስቦን መሠረቱ። በ14ኛው መቶ ዓመት ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብ ከደብረ አስቦው አባት ከአቡነ ፊልጶስ ጋራ ሆነው መምህራንን በየአውራጃው አሰማሩ። የተጠመቀ ሰው መቃብሩ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሆናል እንጂ ወደ ቀድሞው ክምር አይመለስም። ስለዚህ የክምሩ መቅረት የሕዝቡ መጥፋት ነው ለማለት አይቻልም። ሕዝብ ሳይጠፋ የአቀባበር ልማዱ ብቻ ይለወጣልና። በዛሬው ቀን በዚህች ደብር ቆሞ የሚቀድስ ካህን፥ የሚያስቀድስም ምእመን፥ ከእነዚያ ሙታን የሚወርድ ሐረግ ይኖረው ይሆናል፤ ቍጠራው ስለማይደርስበት ግን አያውቀውም።

በደንጊያ ሙታንን ማክበር የመንዝ ብቻ ልማድ አይደለም። በሐረርጌ በጨርጨር ደጋ ትልልቅ ደንጊያ እንደ ግድግዳ ቆሞ፥ ሌላ ሰፊ ደንጊያ እንደ ጣሪያ የተጋደመባቸው መቃብሮች አሉ፤ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 2ኛው ሺህ ዓመት ይደርሳል። በዚያው አገር በኋላ ዘመን የተሠሩትን የደንጊያ ክምሮች ሕዝቡ በኦሮምኛ ዳጋ ቱሊ ይላቸዋል፤ ትርጓሜውም የደንጊያ ክምር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በሶዶ አገር በጢያ 36 ሐውልቶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም 32ቱ የሰይፍና የልዩ ልዩ ምልክት ቅርጽ አለባቸው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በጌዴኦ ምድር ደግሞ ከ6,000 የሚበልጡ ትክል ደንጊያዎች ይገኛሉ፤ የጌዴኦም መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያው መዝገብ ገብቷል።

ከኢትዮጵያ ውጭም እንዲሁ ነው። በምዕራብ አፍሪካ በጋምቢያ ወንዝ ዳር፥ በሴኔጋልና በጋምቢያ አገር፥ 350 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ከ1,000 የሚበልጡ የደንጊያ ክበቦችና መቃብሮች ተዘርግተዋል። በእንግሊዝ አገር ስቶንሄንጅ የሚባለው የታወቀው የደንጊያ ክበብ ታላላቆቹ ደንጊያዎች ከቆሙ 4,500 ዓመት ያህል ሆኗቸዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። «ከታሪክ በፊት» የሚባለው ዘመን በየአገሩ የሚያልቅበት ጊዜ ልዩ ልዩ ነው። በአክሱም ሰው በደንጊያ ላይ መጻፍ ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ፥ የመንዙ ሕዝብ ያለ ጽሑፍ ይኖር ነበር። ታሪክ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም፤ ጸሓፊ አልነበረውም ማለት ነው።

ጸሓፊ ያጣ ሥራ ደግሞ ለሌላ ይሰጣል። የሶዶን ሐውልቶች የአገሩ ሰው «የግራኝ ደንጊያ» ብሎ ይጠራቸዋል። ነገር ግን አሕመድ ግራኝ የተነሣው በ16ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ የጢያ መቃብሮች ከእርሱ በፊት የነበሩ ናቸው። ሠሪው ሲረሳ ስሙ የገነነው ይወርሰዋል፤ እንዲህም ሆኖ የደከመው ሕዝብ ሁለት ጊዜ ይሞታል።

እዚህ ላይ አንድ ምእመን እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ «እነዚህ ሰዎች አልተጠመቁም፤ ፍትሐት አልተደረገላቸውም፤ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ስለ አረማዊ መቃብር ምን አገባቸው?» ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱም ከመጻሕፍት ሊሰጥ ይገባል።

አብርሃም አባታችን ሣራ በሞተች ጊዜ በኬጢ ልጆች መካከል እንግዳ ነበረ። የመቃብር ስፍራ ሲፈልግ በጕልበት አልያዘም፤ በፊታቸው ሰግዶ፥ ብሩን መዝኖ ገዛ። የኬጢ ልጆች በአብርሃም እምነት አልነበሩም፤ እርሱ ግን በመቃብር ነገር አከበራቸው። ያዕቆብ ራሔል በመንገድ በሞተች ጊዜ በመቃብሯ ላይ ሐውልት አቆመ። ኢያሱም እስራኤል ዮርዳኖስን ከተሻገሩ በኋላ ከወንዙ መካከል 12 ደንጊያ አስወጥቶ በጌልገላ አቆመ፤ ልጆች በኋላ ዘመን ስለ ደንጊያዎቹ አባቶቻቸውን ሲጠይቁ ታሪኩ እንዲነገራቸው አዘዘ። ጌልገላ የሚለው የዕብራይስጥ ስም እንኳ ከመንከባለልና ከክብነት ጋራ የተዛመደ ነው። ሕጉ የከለከለው ለደንጊያ መስገድን ነው እንጂ በደንጊያ ማሰብን አይደለም።

ጦቢት በስደት አገር የወደቁትን ሙታን በሌሊት እየቀበረ መከራን ተቀበለ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው የነቢዩ የአሞጽ ቃል ነው። ሞዓብ የኤዶምያስን ንጉሥ ዐፅም አቃጥሎ ኖራ እንዲሆን ባደረገ ጊዜ፥ እግዚአብሔር ስለዚህ ኀጢአት ሞዓብን እንደማይምር ነቢዩ ተናገረ። ሞዓብም ኤዶምያስም ከእስራኤል ወገን አልነበሩም። የሟቹ ሃይማኖት አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው የዐፅሙ መዋረድ ነው። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯልና። ለእነዚያ ሙታን ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ባትፈታም፥ ዐፅማቸው እንዳይበተን ብትከለክል ሥርዓቷን አታፈርስም።

ሌላው ደግሞ፥ «ደንጊያው ለቤት፥ ለአጥርና ለእርከን ያስፈልጋል፤ ክምሩም የእርሻ ቦታ ይዟል» ይላል። የገበሬው ችግር እውነተኛ ነው፤ የመንዝ ማሳ ጠባብ፥ ብርዱም ጽኑ ነው። ነገር ግን የተሰበረ ማሳ በሚቀጥለው ክረምት ይታረሳል፤ የፈረሰ ክምር ግን ተመልሶ አይሠራም። መንዝ ደንጊያ የሚያጣ አገር አይደለምና፥ ለአጥር የሚሆነውን ከሌላ ስፍራ ማንሣት ድካም ይጨምራል እንጂ የማይቻል ነገር አይደለም። ወርቅ አገኛለሁ ብሎ በሌሊት የሚቈፍር ሰው ካለም፥ ድካሙ ከንቱ መሆኑን ይወቅ። በእነዚህ መቃብሮች ያለው ዐፅም፥ ገልና ዶቃ ነው። ዶቃው ከስፍራው ተነሥቶ በገበያ የተሸጠ እንደ ሆነ፥ ከየትኛው ሟች አንገት እንደ ወደቀና በየትኛው ዘመን እንደ ተቀበረ የሚናገር አይኖርም። ይህም ከብራና መጽሐፍ አንድ ቅጠል ገንጥሎ እንደ መሸጥ ነው፤ የገነጠለው ሰው ጥቂት ገንዘብ ያገኛል፤ መጽሐፉ ግን ለዘላለም ጐደሎ ሆኖ ይቀራል። የካህናት ልጆች የተገነጠለ ብራና ምን ያህል እንደሚያሳዝን ያውቃሉ።

ከአክሱም ሐውልቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም በተወሰደ ጊዜ መላው ኢትዮጵያ አዝኗል። ቁመቱ 24 ሜትር፥ ክብደቱ 160 ቶን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመለሰ፤ በ2008 በስፍራው ቆመ። ባዕድ የወሰደውን ደንጊያ ለማስመለስ ከስድሳ ዓመት በላይ የጮኸ ሕዝብ፥ በገዛ ማሳው ያለውን በገዛ እጁ ቢያፈርስ ምን ይባላል? የአክሱሙን ከሮም መመለስ ተቻለ፤ በአጥርና በእርከን ውስጥ የተበተነውን ግን የሚመልስ የለም።

መንዞች ደግሞ የጋራ ሀብትን መጠበቅ ከሌላ ሊማሩ የሚገባቸው ሰዎች አይደሉም። የጓሳ ሣር ምስክር ነው። ቄሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት፥ ሕዝቡ አለቃ መርጦ፥ ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ፥ በተወሰነ ጊዜ ከፍቶ፥ ያለ ጊዜው ያጨደውን ቀጥቶ፥ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆታል። አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትም በዚያ ጥበቃ ድርሻ ነበራቸው። ሥርዓቱ ከመሬት አዋጁ በኋላ ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቁሞ ጓሳው ዛሬም የማኅበረ ሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ይኖራል። የሚታጨደውን ሣር በሕግ የጠበቀ አገር፥ የማይበቅለውን ደንጊያ መጠበቅ አያቅተውም።

የሚደረገው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ፥ በየአጥቢያው ያሉት ክምሮች በሽማግሌዎች መሪነት ይቈጠሩ፤ የስፍራቸው ስም፥ ስለ እነርሱም የሚነገረው አፈ ታሪክ በደብሩ መዝገብ ይጻፍ። በሁለተኛ፥ ሲታረስ ወይም መሠረት ሲቈፈር ዐፅም ወይም የሸክላ ዕቃ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ቍፋሮው ይቁም፤ ምንም ሳይነሣ ለወረዳው የባህል መሥሪያ ቤት ይነገር። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በሦስተኛ፥ የቤተ ክርስቲያን ግንብና አጥር ሲሠራ ደንጊያው ከየት እንደ መጣ ካህናት ይጠይቁ። የእግዚአብሔር ቤት በሙታን መቃብር ፍራሽ ሊታጠር አይገባውም። በአራተኛም፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከመምህራቸው ጋራ ወደ ክምሮቹ ሄደው ይዩ፤ የኢያሱ ትእዛዝ ልጆች እንዲጠይቁ ነውና፥ የጠየቁ ጊዜ የሚመልስላቸው ሰው ይኑር።

የርስት ክርክር በነበረበት ዘመን ሙታን የሚቈጠሩት ሕያው ሰው መሬት እንዲያገኝባቸው ነበር። የእነዚህ ሙታን ቍጠራ ግን ለማንም ጋሻ መሬት አያስገኝም፤ ጥቅም የሌለበት ስለ ሆነም የፍቅር ሥራ ይሆናል። በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት እያንዳንዱ አጥቢያ በክልሉ ያሉትን የደንጊያ ክምሮች አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት ብሎ ቢቈጥር፥ ለሺህ ዓመት ያህል ቈጣሪ ያጡት ሙታን ቈጣሪ አገኙ ማለት ነው። የሚቀጥለውም ኢዮቤልዩ ሲከበር፥ ያን ጊዜ የሚቈጥሩት ልጆች ከዛሬው ቍጥር አንድ እንኳ እንዳልጐደለ ያገኙ ዘንድ፥ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።